ወደ ክፍሌ እንድመለስ፣ የድምፄ ማመልከቻ ግን እንዲዘጋ

ቀን፦ ኅዳር 12

ለባህልና ትምህርት መምሪያ ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ከአልባሳት ግምጃ ቤት ወደ ቴአትር መምህርነቴ እንድመለስ፣ የድምፅ ቅጂ የጠየቅሁበት ማመልከቻም እንዲዘጋልኝ ስለማመልከት

ክቡር ኃላፊ፣

1. እኔ አመልካች በመምሪያው ሥር በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ ቴአትር ሳስተምር የኖርኩ፣ ልጆቹ «እትዬ መድረክ» የሚሉኝ መምህርት ነኝ። አዳራሽ ባለበት በአዳራሽ፣ በሌለበት ዴስኩን ወደ ግድግዳ ገፍተን አስተምሬያለሁ። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከዝናቡ በላይ ተናግሬያለሁ። በሥራዬ ተወቅሼ አላውቅም፤ ተወቅሻለሁ ከተባለም የሒሳብ መምህሩ «ኧረ እባክሽ፣ የኔን ክፍል ጭምር አንቺ ነሽ የምታስተምሪው» ብሎኝ ነው።

2. ባለፈው ዓመት ድምፄ መሻከር ጀመረ። የመምህር ሕመም ነው ብዬ በሞቀ ውኃ ስሸነግለው ከረምኩ። ሐኪሙ ግን ዕጢ መሆኑን ነገረኝ፤ ሕይወቴ እንዲተርፍም ማንቁርቴ በቀዶ ሕክምና ወጣ። አሁን የምተነፍሰው አንገቴ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ ነው፤ በሻርፕ እሸፍነዋለሁ። መስማት እሰማለሁ። ድምፅ ግን የለኝም።

3. ከሕመም ፈቃድ ስመለስ በቀድሞ ምድቤ ወደ ክፍል ገባሁ። ልጆቹ ዓይናቸውን ሻርፔ ላይ ተከሉ። ሁልጊዜ የማስጀምራቸውን ልምምድ ጀመርኩ፦ አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ሌሎቹ ሳይነኩት፣ በንግግር ብቻ እንዲዞር ማድረግ አለባቸው። ሰሌዳው ላይ «አዙሩኝ» ብዬ ጻፍኩና ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ጮኹ። «እባብ! እባብ!» አሉ። «ዳይሬክተሩ መጡ!» አሉ። አልዞርኩም። ሲደክማቸው፣ ቃላቷን ስለምትውጥ ማንም ሰምቷት የማያውቅ አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር «እትዬ፣ ያምዎታል እንዴ?» አለች። ዞርኩ። ክፍሉ ሁሉ ለምን ለእሷ እንደዞርኩ ገባው። ድምፅ በነበረኝ ጊዜ ያንን ትምህርት እንዲህ አድርጌ አስተምሬው አላውቅም።

4. የዚያን ዕለት የመጡት ተቆጣጣሪ «ለተማሪዎች በቃል የተሰጠ መመሪያ የለም» ብለው ሪፖርት አደረጉ። በሪፖርቱ መነሻ ወደ አልባሳት ግምጃ ቤት ተዛወርኩ። እዚያ የካርቶን ዘውድና የሱፍ ጢም አራግፋለሁ። የግምጃ ቤቱ አዛውንት ሊያጽናኑኝ ብለው «ልጄ፣ ዘውድ ስታድዪ የምትውዪበት ቦታ ነው፤ ይሄ እኮ ሹመት ነው» ይሉኛል። ሰውየው ደግ ናቸው። እኔ ግን ልብስ ሳጣጥፍ የማስበው ልብሱን የሚለብሰውን ልጅ ነው።

5. ሁለተኛው ጉዳይ የቤተሰብ ነው። የቤት ጉዳይ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ላይ ምን ይሠራል ቢሉኝ እውነት አለዎት፤ ነገር ግን የማመልከቻው መነሻ እሱ ስለሆነ ዘልዬው ማለፍ አልቻልኩም።

እናቴ ዓይነ ስውር ነበረች። እኔንና እህቴን ያሳደገችን ሆስፒታል ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ሆና ሠርታ ነው። አንዴ የሰማችውን ድምፅ አትረሳም፤ ደዋዩ ስሙን ሳይናገር «ዛሬ ደግሞ ማን አስከፋህ?» ትለው ነበር። ልጅ ሳለሁ መስኮት ላይ ታስቀምጠኝና «እስኪ መንገዱን አሳዪኝ» ትለኛለች። ማሳየት ማለት መናገር ነበር። ካሳጠርኩባት «አላየሁትም፣ ድገሚው» ትላለች። በኋላ በትምህርት ያገኘሁት ሁሉ በዚያ ላይ የተጨመረ ነው።

እኔ ስታመም እሷ በእርጅና ነገር መርሳት ጀምራ ነበር። ስለ ሕመሜ ነገርናት፤ አልያዘችውም። ከሆስፒታል ወጥቼ አጠገቧ ስቀመጥና እጇን ስይዝ «ማነሽ?» አለችኝ። እህቴ «እማዬ፣ ልጅሽ ናት እኮ!» አለቻት። እናቴ ሳቀች። «የኔ ልጅ? ዝም ብላ? እሷ ስትገባ እኮ ግድግዳውም ያወራል» አለች። እጇን ወስጄ ፊቴ ላይ አደረግሁላት። ሕመሙ አክስቶኝ ስለነበር ዳብሳኝ ተወችኝ። ሐኪሙ ያዘዘልኝን፣ አንገት ላይ ተደግፎ የሚያናግረውን መሣሪያ ሞከርኩ። «እማዬ» ስላት ደነገጠች፤ «መስመሩ ተበላሽቷል፣ ዝጉት» አለች። ሁለተኛ አላወጣሁትም።

ስለ እኔ ስትጨነቅ እህቴ «መስክ ወጥታለች፣ ትመጣለች» አለቻት። እኔም በዚያው መስክ እንደወጣሁ ቀረሁ። አጥባታለሁ፣ አበላታለሁ፣ ፀጉሯን አበጥራለሁ። እሷ እኔኑ ለእኔው ታማኛለች፤ «እስቲ አሁን ምን ዓይነት ሥራ ነው፣ እናቱን የሚያስረሳ?» ትለኛለች። እጇን እጨምቃለሁ።

6. እህቴ ስልኳ ውስጥ አንድ የድሮ የድምፅ መልእክት አገኘች። «መጣሁ፣ መጣሁ፣ በሩ ጋ ነኝ» የምልበት ነው። አሰማናት። እናቴ ፊቷ በራ፤ ነጠላ ጫማዋን በእግሯ እየፈለገች ተነሣች፤ ግድግዳውን ይዛ ሄዳ በሩን ከፈተች። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ። «ግቢያ! ምን ይገትርሻል?» አለች ወደ ባዶው ደጅ። በግድ አስገባናት። ከዚያ በኋላ ያንን መልእክት ማናችንም አልነካነውም።

7. በየገጠሩ መምህር ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ተብሎ መምሪያው ከመታመሜ በፊት ትምህርቴን በድምፅ አስቀድቶኝ ነበር። ግድግዳው ስፖንጅ በተለጠፈበት ክፍል ውስጥ ረጃጅም ታሪኮችን ተርኬያለሁ። ድምፄን በጆሮዋ እየሰማች እጄን ብትይዝ፣ ቀስ ብላ ሁለቱን ታገናኛቸው ይሆናል ብለን ተስፋ አደረግን። ስለዚህ ወደ ድምፅ ክምችት ክፍል ሄጄ ቅጂ እንዲሰጠኝ በጽሑፍ ጠየቅሁ። ሠራተኛው «እትዬ፣ የመሥሪያ ቤት ንብረት ለግለሰብ አይሰጥም» አለኝ። «ድምፁ እኮ የእኔ ነው» ብዬ ጻፍኩለት። አነበበው፤ ወረቀቱን መለሰልኝና «ድምፁ የእርስዎ ነው፣ ቅጂው ግን የእኛ ነው። አለቃ ካልፈረመ እኔ ምን ላድርግ?» አለኝ። እዚያው ቁጭ ብዬ ልስማው ብዬ ብጽፍለትም ለዚህም ፊርማ ያስፈልጋል ተባልኩ። ማመልከቻ አስገባሁ። ደግሜ አስገባሁ። «በሂደት ላይ ነው» ተባልኩ።

8. እናቴ ባለፈው ወር ዐረፈች። በመጨረሻዋ ቀን አእምሮዋ ጥርት ብሎ ነበር። ከንፈሯን በውኃ ሳርስላት እጄን ያዘችና ወደ እህቴ ዞራ እንዲህ አለች፦ «ያቺ ልጅ ከመስክ ስትመለስ፣ ይቺን ሠራተኛ እንዳታባርርብኝ ንገሪያት። ዝምተኛ ናት እንጂ እጇ እንደ ልጅ እጅ ነው።»

እህቴ «እሺ እማዬ» አለቻት። ሌላ ምን ትበል?

9. ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ የድምፅ ቅጂ የጠየቅሁበት ማመልከቻ እንዲዘጋልኝ አመለክታለሁ። ከእንግዲህ አልፈልገውም። ቅጂዎቹ ለተቀዱበት ዓላማ ይዋሉ፤ መምህር ወደሌላቸው ልጆች ይሂዱ። በክምችት ክፍሉ ሠራተኛ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ እሱም ቀብር ላይ መጥቶ ራቅ ብሎ ቆሞ አይቼዋለሁ።

ወደ ክፍሌ እንድመለስ የጠየቅሁት ግን እንዲታይልኝ እለምናለሁ። ድምፅ የሌለው ሰው ቴአትር አያስተምርም የሚል መመሪያ ካለ ይነገረኝ። ከሌለ፣ ክቡርነትዎ አንድ ቀን መጥተው ከኋላ ወንበር ይቀመጡና ልጆቹን ይዩልኝ። ቤቴ ውስጥ ድምፄን የሚጠብቅ ሰው አሁን የለም፤ ክፍል ውስጥ ግን ያለ ድምፅም ያወቁኝ ልጆች አሉ። እኔም በሕይወት ያለሁበት ቦታ የቀረኝ እሱ ብቻ ነው።

ውሳኔዎን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ በትሕትና አሳስባለሁ። በስልክ ቢደውሉልኝ አንሥቼ እሰማዎታለሁ እንጂ፣ «አቤት» ማለት አልችልም።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የቴአትር መምህርት
በአሁኑ ምድብ፦ የአልባሳት ግምጃ ቤት ረዳት