ጠቅ ብላ ዝም

ታኅሣሥ 2 ቀን 2007

ከእንጅባራ ዳንግላ ስመላለስ ዋልኩ። ደህና ቀን ነበር። ጠዋት ብቻ ሚኒባሷ አኮረፈች። ቁልፉን ሳዞር ጠቅ አለችና ዝም። ደገምኩ... ጠቅ። ቆይታ ተነሳች። ብርዱ ይሆን? መስታወቱ አመዳይ ለብሶ ነበር።

ለአባየ አልነገርኳቸውም። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ቁልፉን ለእኔ ከሰጡ ወዲህ ስለሷ ክፉ ከሰሙ እንቅልፍ የላቸውም።

ባትሪው ነው። ሌላ ምን ሊሆን?

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ

አዲስ ቅዳም ከተማ፣ ገበያው ሲበተን። ሰው ሞልቷል፣ ጣራው ላይ ከሰል ተጭኗል... ጠቅ። ጠቅ። ጠቅ። ተሳፋሪ ወርዶ ገፋ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አደግድገው አብረው እየገፉ፣ "ልጄ፣ ከፍለን ነው እንዴ የምንገፋው?" አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... ፊቴ ግን ነደደ።

ቤት ሳልደርስ ወሬው ደርሷል። ወንድሜ በዛብህ፣ "አብቅቶላታል፤ ሳትሞት እንሽጣት" አለ። ከቡሬ ገዥ አግኝቷል፤ ሐሙስ ይመጣል።

ታኅሣሥ 5

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባየን ለብቻቸው ያዝኳቸው።

"አይሽጧት። በሽታዋን አገኘዋለሁ።"

"እየተገፋች የምትነሳ መኪና ይዘሽ መንገድ አትወጪም፣ ዮዲት።"

"እሺ፣ አልወጣም። እስከ ሐሙስ ብቻ ይታገሱኝ።"

"ካላገኘሽስ?"

"አገኘዋለሁ።"

ይህን ድፍረት ከየት አመጣሁት? ግን ከልቤ ነው። መናኸሪያው ውስጥ "ያቺ ሴት ሹፌር" ማለታቸውን ትተው "ሹፌሯ" ያሉኝ ገና ዘንድሮ ነው። እሷ ከተሸጠች... አይ። አትሸጥም።

ታኅሣሥ 6

መለዋወጫ ሻጩ ዓብዱልሀሚድ አዲስ ባትሪ አዋሰኝ። "ሞክሪበት፤ እሱ ካልሆነ መልሺው" አለኝ። ገጠምኩት። እርግጠኛ ስለነበርኩ በዛብህን ጠርቼ አጠገቤ አቆምኩት።

ጠቅ።

ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ። ቢስቅብኝ ይሻል ነበር።

ቁጭ ብዬ ሳስበው... ጥሩምባዋ ይጮኻል፣ መብራቷም ቦግ ይላል። ባትሪው ቢደክም ኖሮ እነዚህስ አይደክሙም? ይህን አስቀድሜ ማየት ነበረብኝ። ቸኮልኩ። ነገ አልቸኩልም።

ታኅሣሥ 7

ተገኘ!

በተራው ልጻፈው። ጠዋት ገፍተን መካኒኩ ፀጋው ጋራዥ አስገባናት። አባየም ዱላቸውን ይዘው ተከትለው መጡ። ፀጋው ድምፁን እንደሰማ፣ "ሞተሪኖው ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ ተቃጥሏል" አለ። ፈታው። መሬት ላይ አስቀምጦ ከራሱ ባትሪ ጋር ቢያገናኘው እንደ እንዝርት ተሽከረከረ። "ጤነኛ ነው" አለ ራሱን እያከከ። መልሶ ገጠመው። ጠቅ!

ባትሪው ጤነኛ። ሞተሪኖው ጤነኛ። ታዲያ ማን ቀረ? በመሃል ያለው ነዋ! ገመዱ!

አባየ በሹፌሩ በር በኩል ቆመው ቁልፉን ያዙ። እኔ የጋቢናውን ወንበር አንስቼ ከሥሩ ወዳለው ሞተር ጎነበስኩ። "ያዙሩ!" አልኳቸው። ጠቅ። ደግመው፣ ደጋግመው። ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደውን ወፍራም ገመድ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ። ከሞተሩ ብረት ወደ ባትሪው የሚመለሰውን፣ ማሳ የሚሉትን፣ ስነካ ግን... ፋጀኝ! እጄን ነጠቅሁ።

"ፀጋው፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድህን አምጣልኝ!" አንዱን ጫፍ ከባትሪው ነጌቲቭ፣ ሌላውን በቀጥታ ከሞተሩ ብረት ጋር አያያዝኩት። እንዳልሳሳት ደግሜ አየሁት።

"አባየ፣ አሁን!"

ተነሳች። በአንድ ጊዜ። ጋራዡ ሁሉ ተንቀጠቀጠ።

ማሳው የታሰረበትን ቡሎን ስንፈታው ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ሆኗል። ለመብራት የሚበቃ ኃይል ያሳልፋል፤ ሞተር ለማዞር ግን አቅም የለው። ፀጋው ብረቱን ፍቆ አዲስ ገመድ አሰረበት። "ባለፈው ክረምት ሞተሩን ሳወርድ እኔው ነኝ ያሰርኩት፤ እንዴት አላየሁትም?" እያለ ሳቀ። ደግ ሰው ነው።

አባየ ሞተሩ ሲሠራ ቁልፉን አለቀቁትም ነበር። "ይኸ ነው ድምፅዋ" አሉ።

ታኅሣሥ 9

ገዥው መጣ። ሚኒባሷን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ወደዳት። "እንዴት ነው ታዲያ?" ሲል አባየን ጠየቃቸው።

አባየ በዱላቸው ወደኔ ጠቆሙ። "ባለቤቷን ጠይቅ።"

በዛብህ ደነገጠ። እኔስ? ባለቤቷ?

"አትሸጥም" አልኩ በመጨረሻ። ገዥው ምሳውን በልቶ ሄደ። ማታ በዛብህ፣ "እንግዲህ እኔንም ታሳፍሪኛለሻ" አለኝ። ኩርፊያው በዚሁ አለቀ።

ታኅሣሥ 12

አባየ ዳንግላ የታመመ ወዳጃቸውን ሊጠይቁ ከእኔ ጋር ወጡ። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቁልፉን አዞርኩ፣ ወዲያው ተነሳች።

ፈራሁ። አባየ ሌላ ሰው ሲነዳ ጋቢና መቀመጥ አይሆንላቸውም፤ እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጣል፣ አፋቸው "ቀስ! ጥሩምባ!" ይላል። በዛብህ ገና ልምምድ ላይ ሳለ በሳቸው ምክንያት ነው መንዳት የተወው።

ከእንጅባራ ስንወጣ ዝም አሉ። ጠበቅሁ። አዲስ ቅዳም ደረስን... ዝም። ምን አጠፋሁ? ዞር ብዬ አየሁ።

ተኝተዋል። አፋቸው ትንሽ ተከፍቷል፣ ዱላው ከእጃቸው ወድቋል።

የኋላ ተሳፋሪዎቹን ቀስ ብላችሁ አውሩ አልኳቸው። ዳንግላ እስክንደርስ ጥሩምባ አልነካሁም።