የማታዎቹ ሰልፍ

ኅዳር 18 ቀን፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ

ይድረስ ለልጆቼ አባት፣

ደኅንነትህን በትልቋ ልጃችን ስልክ በኩል እሰማለሁ። ከመንገድ ሥራው ቦታ እየደወልክ «እናትሽን ሰላም በያት» ትላታለህ፤ እሷም ታደርሰኛለች። እኔም «እሱንም ሰላም በይው» እላለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታችን በልጅ አፍ ሲመላለስ ኖረ። የዛሬው ወሬ ግን በሰው አፍ የሚላክ አይደለም፤ ትልቋ ደግሞ ስታወራ ግማሹን ትውጠዋለች። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩልህ።

እኛ ደህና ነን። ትንሹ ቁመቱ ሱሪውን ጥሎት ሄዷል። የወጥ ቤቱን ቧንቧ ራሴ ጠገንኩት፤ ትንሽ ያንጠባጥባል፤ አትሳቅ።

ትልቋ ዩኒቨርሲቲ መግባቷን ነግራሃለች። ያልነገረችህ፣ ምደባው የወጣ ቀን ትራስ ላይ ተደፍታ ማልቀሷን ነው። ጓደኞቿ ሣር ሜዳና ማደሪያ ወዳላቸው፣ ስማቸው ወደተጠራ ዩኒቨርሲቲዎች ሲሄዱ፣ እሷን የደረሳት እኔ በየምሽቱ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ የምሮጥበት ግቢ ነው። «እማዬ፣ እዚያ እኮ ማንም ነው የሚገባው» አለችኝ። ማንም የተባልኩት እኔ ነኝ።

አንተ ግቢውን የምታውቀው በውጭ በኩል ብቻ ነው። በአውቶቡስ መናኸሪያውና በዳቦ ቤቱ መሃል የተሰነቀረ፣ የመንግሥት ሕንፃ መሆኑ ገና ከቀለሙ የሚያስታውቅ። ማደሪያ የለውም፤ ሁሉም ከቤቱ መጥቶ ወደ ቤቱ ይገባል። ቀን ወጣቶቹ ይማሩበታል። አመሻሽ ላይ እነሱ በአንዱ በር ሲወጡ እኛ በሌላው እንገባለን፤ ነርሷ፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ አናጺው፣ ልጇን ለጎረቤት ሰጥታ የመጣችው። ወንበሩ የእነሱን ሙቀት እንደያዘ እንቀመጥበታለን። አንዳንዱ ያንቀላፋል። መምህሩም ያውቃል፤ ድምፁን ከፍ ያደርጋል እንጂ አይቆጣም።

እንግዲህ የቀን ተማሪዎቹ ትምህርት በጀመረ ሰሞን አንዲት ሴት ፀጉሯን ልታሠራ ወደምሠራበት ፀጉር ቤት መጣች። እኔ ቢጉዲን እጠቀልልላታለሁ፣ እሷ በስልክ ታወራለች። «የማታውን ክፍል እንዘጋዋለን» ትላለች። «ከዘንድሮ ጀምሮ አዲስ ተማሪ አንቀበልም። ጀምረው አይጨርሱ! ተመዝጋቢው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። ዩኒቨርሲቲው ስም እንዳይኖረው ያደረጉት እነሱ ናቸው።» ለካ የዩኒቨርሲቲው የዕቅድ ክፍል ኃላፊ ኖራለች።

እኔ ምን እሆናለሁ? ያሉት ወደ ቀን ክፍል ይዛወራሉ ስትል ሰማሁ። ቀን ቀን የምማር ከሆነ ማን ይሠራል፣ ልጆቹ ምን ይበላሉ? አፌ የፀጉር ማስያዣ ይዞ ነበር፤ አንድ በአንድ አወጣሁና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ የማታ ተማሪ ነኝ። ሕግ፣ ሦስተኛ ዓመት» አልኳት።

በመስታወቱ ውስጥ ተያየን። ግማሽ ፀጉሯ ተጠቅልሏል፣ ግማሹ ተበትኗል፤ ተነስታ ልሂድ ብትል አይሆንላትም። መጀመሪያ እሷ ሳቀች።

«ሦስተኛ ዓመት ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጀብሽ?»

«አምስት።»

«አየሽ?»

«አየሁ። ግን ሦስተኛ ዓመት ነኝ።»

ክፉ ሴት አይደለችም። ፀጉሯን ልታደርቅ ካስክ ስር ከመግባቷ በፊት ወደ እኔ ዞር አለችና፣ «የሚወስነው የዩኒቨርሲቲው ጉባኤ ነው። ሐሙስ ጠዋት ይሰበሰባል፤ ተማሪ መናገር ይፈቀድለታል። ግን ከእናንተ አንድም ሰው መጥቶ አያውቅም» አለችኝ።

«ጠዋትማ ሁላችንም ሥራ ላይ ነን!»

«እሱም እውነት ነው» አለች። ምን ብላ እንደነገረቻቸው እንጃ፣ ስብሰባው ለሐሙስ አመሻሽ ተዛወረ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ የለም። ከኛ ክፍል «አያ ፈጣን» የምንለው አውቶቡስ ነጂ አለ፤ አውቶቡሱ እንደ ኤሊ ስለሚሄድ ነው ስሙ። እሱ በየፌርማታው ደብተር የያዘ ሰው ባየ ቁጥር «ሐሙስ እንዳትቀር!» እያለ አወራ። ነርሷ ለሆስፒታሉ ሁሉ አዳረሰች። እኔም ፀጉር ቤት የገባች ሴት ሳልነግራት አልወጣችም። የጥበቃ ሠራተኛው ግን፣ «ወስነው ጨርሰው ለይምሰል ነው የሚጠሩን» ብሎ አሻፈረኝ አለ። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» አልኩት። ሐሙስ ዕለት ከሁላችንም ቀድሞ የተገኘው እሱ ነው።

ከሥራ በቀጥታ ስለመጣን ልብስ የቀየረ የለም። ነርሷ በነጭ ጋዋኗ፣ አናጺው ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንዳለ፣ እኔ የቀለም ነጠብጣብ ያለበት ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ። አዳራሹ ሞልቶ ደረጃው ላይ ሰው ቆመ። አዲሱ ፕሬዚዳንት ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ዩኒቨርሲቲው እንደ ታላላቆቹ እንዲሆን እንደሚፈልግ፣ የማታ ተማሪ ግን ብዙ እንደሚያቋርጥ ጥናት ጠቅሶ በደንብ አስረዳ። እውነቱን ልንገርህ፣ ሲናገር እኔም ሊያሳምነኝ ነበር። ከዚያ ተራው የኔ ሆነ። ወደ ፊት ወጣሁ።

«ክቡር ፕሬዚዳንት» አልኩ፣ «ከመናገሬ በፊት፣ ከቤተሰቡ ዩኒቨርሲቲ በመግባት የመጀመሪያው የሆነ ሰው እስቲ ይነሣልኝ።»

አዳራሹ ተነሣ። ወንበሩ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተንኳኳ። ከመድረኩም አንድ ሽማግሌ ዲን ተነሣ፤ ግራ ቀኙን አይቶ አፍሮ ሊቀመጥ ሲል ጭብጨባው አስቀረው።

«ታዲያ ለምንድን ነው ብዙዎቻችሁ የምታቋርጡት?» አለ ፕሬዚዳንቱ። በቁጣ አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጎ ነው።

«አንዱ ልጁ ይታመምበታል። አንዷ ፈረቃዋ ይቀየርባታል። እኔም አንድ ሴሚስተር አቋርጬ ነበር።» ለምን እንዳቋረጥኩ ለአዳራሹ አልተናገርኩም። ያንን ሴሚስተር አንተ ታውቀዋለህ፤ «ወይ ቤቱን ወይ ትምህርቱን» ብለህ ሻንጣህን ያነሣህበት ነው። «ግን ተመለስኩ። የእናንተ ጥናት ያቋረጠውን ቆጠረ፤ የተመለሰውን ማን ይቁጠርልን?»

አያ ፈጣንም ሳይጠሩት ተነሥቶ፣ «እኔ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤ መዘግየትና መቅረት ለየቅል ናቸው!» አለ። የእሱን አውቶቡስ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ፕሬዚዳንቱም ሳቀ። ያኔ አንድ ነገር እንደተላቀቀ ገባኝ።

በሳምንቱ ፕሬዚዳንቱ ራሱ አመሻሽ ላይ ወደ ግቢው ወርዶ ነገረን። የማታው ክፍል አይዘጋም። አዲስ ተማሪም ይቀበላል። ቤተ መጻሕፍቱ እኛ እስክንጨርስ ክፍት ይሆናል። እስከ ዛሬ ለቀኖቹ ብቻ የነበረው የማሽን ጥገና ትምህርትም ለማታ ይከፈታል። ነርሷ እልልታዋን አቀለጠችው። የዕቅድ ኃላፊዋ ከኋላ ቆማ በፈገግታ ታየኛለች፤ ፀጉሯን ልታሠራ ስትመጣ ከዚህ በኋላ ለሌላ ሰው አሳልፌ እንደማልሰጣት ነገርኳት።

ትናንት ቅዳሜ ምዝገባው ተጀመረ። ሰልፉን ብታየው! ከሬጅስትራሩ በር ተነሥቶ፣ ከግቢው ወጥቶ፣ ዳቦ ቤቱን አልፎ መናኸሪያው ድረስ ተጠማዘዘ። ባለ ዳቦ ቤቱ ለሱ ዳቦ የተሰለፉ መስሎት ሊጥ አስጨመረ። ሰልፉን እንዳስተካክል ደረቴ ላይ ባጅ አንጠለጠሉልኝ፤ ስጮህ ዋልኩ። የሬጅስትራሩ ሠራተኞች ለማታው ይህን ያህል ሰው ሲመጣ አይተው አያውቁም።

ትልቋ ትምህርት ከጀመረች ወዲህ ግቢው ውስጥ ስንተላለፍ እንደማታውቀኝ ስልኳን እያየች ታልፈኝ ነበር። ይህን ለማንም አላወራሁም። ትናንት ከቤተ መጻሕፍት ስትወጣ አየኋት። አንዲት ሕፃን ያዘለች ሴት አስቁማት «እህቴ፣ የማታው ምዝገባ ይሄ ነው?» ስትላት ሰማሁ።

«አዎ» አለች ልጅህ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ያቺ የምትጮኸው እናቴ ናት። የማታው ክፍል ሊዘጋ ሲል ያስቀረችው እሷ ናት። ነይ፣ እሷ ጋ ልውሰድሽ።»

መጥታ አጠገቤ ቆመች። እስከ መጨረሻው አልሄደችም፤ ሕፃኑን ተቀብላ አዝላ አዛውንቱን ሁሉ ስታሰልፍ ዋለች። ሰማይ በእጄ የጨበጥኩ መሰለኝ። እንዳላለቅስ ብዬ የበለጠ ጮኽኩ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ሰልፉን ሳስተካክል አቧራ የበላው የሥራ ጫማ ባየሁ ቁጥር ቀና ብዬ የባለቤቱን ፊት እያየሁ ነበር። ምን ፈልጌ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

የመንገድ ሥራው ማሽን ላይ ስትወጣና ስትወርድ እግርህን የሚጠብቅ አምላክ ይኑርህ። አቧራው ደረትህን አይንካው። ጓደኛም አይንሳህ፤ ብቻን መብላት ሆድ አይሞላም። ልጆቹ ይስሙሃል።

የማሽን ጥገናው ምዝገባ እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት ነው። ይህን የምነግርህ ለወሬ ያህል ነው። የማታዎቹ በር በመናኸሪያው በኩል ያለው ነው፤ ገፋ ሲያደርጉት ይከፈታል።

የልጆችህ እናት