ያልቆጠርኩት እሽግ

የካቲት 3፣ ሰኞ

ፋርማሲው ከጠዋት ጀምሮ ሰው በሰው። አንዷን ሴትዮ፣ "የራስዎን መድኃኒት ለጎረቤት አይስጡ፤ ለእርስዎ የተስማማ ለሌላው ላይስማማ ይችላል" ብዬ ተቆጣኋት። እሺ አለችኝ፤ እንደማትሰማኝ ግን ፊቷ ያስታውቃል። ሃያ ዓመት ይቺኑ ስል ጉሮሮዬ ደረቀ...

ታናሽ እህቴ መንጋጋ ጥርሷን ተነቅላ ቤቷ ተኝታለች። ስልክ ላይ ታለቅሳለች። ሕፃን ሆነችብኝ።

የካቲት 4፣ ማክሰኞ

በምሳ ሰዓት ሄድኩላት። ወገቤን ሲያመኝ ታዞልኝ ከነበረው የሕመም ማስታገሻ፣ ከኮዴን፣ የተረፈ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ሁለት ፍሬ ሰጠኋት። "እኔን ምንም አላደረገኝም። ያንድ እናት ልጆች አይደለን?"

"አንቺ ካልሽ..." ብላ ዋጠች።

ከሥራ ወደ እሷ ስመለስ ከንፈሯ ጠቁሯል። ትንፋሿ... አለ? የለም? ጆሮዬን አፍንጫዋ ላይ ደቅኜ ቆየሁ። አምቡላንስ ስጠራ የገዛ እህቴ ቤት አድራሻ ጠፋብኝ።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

ነቃች። ተመስገን።

"ማን ነው የሰጣት?" አለ ሐኪሙ።

"እኔ።"

"ሥራሽ ምንድን ነው?"

ነገርኩት። ካርዷ ላይ ጻፈው። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ኮዴን ጉበት ውስጥ ወደ ሞርፊን ይቀየራል፤ ሞርፊን ሲበዛ ደግሞ ትንፋሽ ያቆማል። የኔ ጉበት ቀስ ብሎ ነው የሚቀይረው፤ የእሷ ግን በዘር ከወረሰችው የተነሳ ባንዴ አጣድፎ ይቀይረው ይሆናል አለ። ለዘረመል ምርመራ ደም ወሰዱ። "ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?"

የለም አልኩ።

ለምን የለም አልኩ?

የካቲት 6፣ ሐሙስ

እማዬ። ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ። ለሐሞት ጠጠር ቀዶ ጥገና ተደርጎላት ቤት ገባች፤ የምታስታምማት አክስቴ ነበረች። የታዘዘላት ኮዴን፣ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ። በመጀመሪያው ቀን ተኛች፤ በዚያው ቀረች።

"አብዝተሽ ሰጥተሻት ነው!" አልኩ፣ ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አክስቴ ባለ አሥር ፍሬውን እሽግ ዘረጋችልኝ። "ሁለት ብቻ ነው የሰጠኋት፤ ይኸው ቁጠሪው።" እጇን ገፈተርኩት። አዋቂዋ እኔ ነኛ! ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የለንም።

የካቲት 20፣ ሐሙስ

ውጤቱ መጣ። እህቴ ሐኪሙ እንደጠረጠረው ናት። አባባም ተመርምሮ ነበር፤ እሱ ጋ የለም።

"እንግዲህ ከእናታችሁ ነው" አለ ሐኪሙ፣ ቀለል አድርጎ።

እህቴ አየችኝ። "ለአክስቴ ማን ይነግራታል?"

ፈራሁ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። በሩን ከፍታ አየችኝ። አርጅታለች። ግቢ አላለችኝም፤ እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ የእህቴን፣ የደም ምርመራውን፣ የእማዬን። "አክስቴ፣ አንቺ አይደለሽም። በደልኩሽ" አልኳት።

ጓዳ ገባች። በመሐረብ የተቋጠረ ነገር ይዛ ተመለሰች። ያው እሽግ ነው፤ ጠርዙ ተልጧል።

"አሁን ቁጠሪው" አለችኝ። "ጮክ ብለሽ።"

አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ፣ ጮክ ብዬ ቆጠርኩላት። ስምንት ነው።