ሁለት ጋቢ ይዘው ይወጡ የነበሩት የአቶ ራጉኤል በላይ የሕይወት ታሪክ

አቶ ራጉኤል በላይ ከአባታቸው ከአቶ በላይ አብይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢቢሴ ሞረዳ ጥቅምት 12 ቀን 1962 ዓ.ም. በወለጋ፣ ኑኑ ቁምባ ተወለዱ። አባታቸው ከጎጃም ለሥራ መጥተው በዚያው የቀሩ መካኒክ ነበሩ፤ እናታቸው የኑኑ ቁምባ ተወላጅ ነበሩ። በቤታችን አባት በአማርኛ ይቆጡ ነበር፣ እናት በኦሮምኛ ያባብሉ ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ ታናሽ እህታቸው መታሰቢያ በላይ ስለሆንሁ፣ ያየሁትን አይቻለሁ ብዬ እናገራለሁ።

አቶ ራጉኤል ትምህርታቸውን በኑኑ ቁምባ ጀምረው፣ አባታችን በ1972 ዓ.ም. በአንገር ጉቲን የመንግሥት እርሻ ሲቀጠሩ አንደኛ ደረጃን በዚያ ጨረሱ። ሁለተኛ ደረጃን በነቀምቴ ተከታትለው በ1980 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍልን አጠናቀቁ። የማትሪክ ውጤታቸው ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም፤ ቀልባቸው ከደብተሩ ይልቅ አባታቸው በሚፈቱት ሞተር ላይ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ እርሻው ሲበተን አባታችን ሥራ ፈቱ፤ ከዚያም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ። በሃያ አንድ ዓመታቸው እናታቸውንና እኔን የማስተዳደር ሸክም በአቶ ራጉኤል ትከሻ ላይ ወደቀ።

በሰው ወፍጮ ቤት ተቀጥረው ከሠሩ በኋላ በ1989 ዓ.ም. በአንገር ጉቲን የራሳቸውን የናፍጣ ወፍጮ ተከሉ። በ1992 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺአረግ ጂሩ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ኬኔንና ኤባን ወለዱ። በ1999 ዓ.ም. በኪራሙ ሁለተኛ ወፍጮ ጨመሩ። በነቀምቴም ባለ አምስት ክፍል ቤት ሠርተው፣ ከአባታችን ሞት በኋላ ወደ ኑኑ ቁምባ ተመልሰው የነበሩትን እናታችንን አምጥተው ፀሐይ በምትገባበት ክፍል አስቀመጧቸው። እናታችን ያንን ክፍል ይወዱት ነበር።

በ2005 ዓ.ም. የሰፈራችን እድር ዳኛ ሆነው ተመረጡ። ድንኳኑን አሳደሱ፣ አግዳሚ ወንበሮችን አሠሩ። ሦስት ወር ያላዋጣ አባል ከመዝገብ እንዲሰረዝና ድንኳንም ሰውም እንዳያገኝ የሚለው ደንብ የጸደቀው በእሳቸው ዘመን ነው። ድሀ ነኝ ብሎ ለሚለምን ሁሉ ሕግ ሕግ ነው የሚል መልስ ነበራቸው። ጥሩ ዳኛ ነበሩ፤ ነገር ግን ሞላ ሲልላቸው ትንሽ ኮራ ይሉ እንደነበር እህት ካልተናገረች ማን ይናገራል።

በእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ከዚህ ቀጥሎ ያሉት ዓመታት “በልዩ ልዩ የግል ሥራ ተሰማርተው” ተብለው ይታለፋሉ። እሳቸው ግን በመጨረሻ ሕመማቸው ጊዜ ልጆቻቸውንና እኔን ጠርተው “የወደቅሁበትን ዓመት እንዳትዘሉት” ብለው አደራ ሰጥተውናል። ስለዚህ አንዘለውም።

በ2013 ዓ.ም. በአካባቢያችን የሆነውን ለዚህ ጉባኤ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የኪራሙው ወፍጮ ከነእህሉ ተቃጠለ። ወደ አንገር ጉቲን የሚወስደው መንገድ ተዘጋ፤ ናፍጣ ጠፋ፤ የዚያኛውም ሞተር በቆመበት ዛገ። አቶ ራጉኤል ከዚያ ቀደም ብለው ሦስተኛ ወፍጮ ለመትከል የነቀምቴውን ቤት አስይዘው ተበድረው ነበር። ቤቱ በሐራጅ ተሸጠ። የሃምሳ አንድ ዓመት ሰው፣ የእድር ዳኛ፣ እናታቸውን በክንዳቸው ደግፈው ከዚያ ፀሐይ ከምትገባበት ክፍል አወጧቸው። ቤተሰቡ በከተማው ዳር ወዳለች አንዲት የኪራይ ክፍል ገባ።

የከፋው ግን ድህነቱ አልነበረም። ወይዘሮ የሺአረግ ጉሊት ወጥተው ሽንኩርት እየሸጡ፣ ኬኔ በክሊኒክ ተቀጥራ ቤቱን ያቆሙት ነበር። የከፋው የአቶ ራጉኤል ከሰው መሸሽ ነው። ሙሉ ልብሳቸውና ጋቢያቸው ተሸጠዋል። የለቅሶ ጡሩምባ ሲነፋ ይነሡና ወደ በሩ ሄደው፣ የለበሱትን ኮት ዓይተው ተመልሰው ይቀመጡ ነበር። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እያሉ፣ ሰው ሁሉ መጥረቢያ ይዞ የሚጠብቃቸው መሰላቸው። መዋጮም ቀረ። ሦስት ወር ሲሞላም እሳቸው ራሳቸው ባጸደቁት ደንብ ስማቸው ተሰረዘ። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ሕግ ሕግ ነው የተባለው ከእሳቸው ነው።

በዚያው ጊዜ የአቶ ሞሲሳ እናት አረፉ። አቶ ሞሲሳ የእድሩ ጸሐፊ፣ በእምነታቸው የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ለሃያ ዓመታት ከአቶ ራጉኤል ጋር አብረው የበሉ የጠጡ ወዳጅ ናቸው። አቶ ራጉኤል ለቅሶውን አልደረሱም። ከድንኳኑ ማዶ ካለው አጥር ጥግ ድረስ ሄደው ቆመው እንደተመለሱ ያወቅነው ከዓመታት በኋላ ነው። ያኔ ግን ሰፈሩ የተናገረው ሌላ ነበር፤ ራጉኤል ኮራ፣ ከወደቀም በኋላ ኮራ ተባለ። እሳቸው ሰው የናቃቸው መስሏቸው ሸሹ፤ ሰው ደግሞ የናቁት መስሎት ሸሻቸው። የወንድሜ ትልቁ ስሕተት ይህ ነው። በአገራችን ረሃብን ችሎ የሚኖር ሰው ብዙ ነው፤ ለቅሶ ሳይደርስ የሚኖር ግን የለም።

ግንቦት 2014 ዓ.ም. እናታችን ወይዘሮ ኢቢሴ ሞረዳ በዚያች የኪራይ ክፍል ዐረፉ። አቶ ራጉኤል ጡሩምባ አላስነፉም። የሚመጣ የለም፣ በባዶ ድንኳን ከምናፍር ዝም ብለን እንቅበር አሉ። ድንኳኑም ቢሆን አልነበረንም። ሣጥን አሠርተን፣ ቄስ ብቻ ለምነን፣ እናታችንን እሳቸውና ኤባ በፊት፣ የሺአረግና እኔ ከኋላ ሆነን ተሸከምናቸው። ኬኔ የአያቷን ፎቶ ይዛ ከፊት ትሄድ ነበር። ሴት ሬሳ ስትሸከም በአገራችን ነውር ነው። መንገደኛው ቆሞ ያየን ነበር፤ አንዳንዱም ባርኔጣውን አውልቆ አንገቱን ደፋ። እኔ ያን ቀን የተሸከምሁት ከትከሻዬ አልወረደም።

መቃብሩ ገና አልተቆፈረም ነበር። አባትና ልጅ ኮታቸውን አውልቀው በአንድ ዶማ እየተቀባበሉ ሲቆፍሩ፣ አቶ ሞሲሳ ከእድሩ ሰዎች ጋር ደረሱ። ሣጥን ሠሪው ነግሯቸው ነው። ከመቃብር ቦታው በር ውጭም የእድሩን ድንኳን የጫነ ጋሪ ቆሞ ነበር። አቶ ሞሲሳ ወቀሳም ሰላምታም አላቀረቡም። ወደ ጉድጓዱ አፍ ተጠግተው፣ በኦሮምኛ ወግ በልጃቸው ስም ጠርተው “ያ አባ ኬኔ፣ አካፋው የት ነው?” አሉ። ከዚያ ወርደው ከእሳቸው ጎን ቆፈሩ።

ከቀብር በኋላ በድንኳኑ ጥግ አብረው ተቀምጠው አቶ ሞሲሳ “ኮርተህብን መስሎን ነበር” አሏቸው። አቶ ራጉኤልም “አፍሬ ነው” አሉ። ከዚያ በላይ ስለ ነገሩ የተነጋገሩ አይመስለኝም። ነገር ግን ወንድሜ ለእናታቸው ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው፤ እስከዚያ ድረስ እንባ አልወጣቸውም ነበር።

የእናታችን አርባ ከወጣ በኋላ አቶ ራጉኤል ወደ እድሩ ስብሰባ ሄደው ከበሩ አጠገብ ተቀመጡ። እንደገና ለመግባት መግቢያውን መክፈል እንደማይችሉ ተናግረው፣ ጡሩምባ ነፊው አርጅተው ሥራውን ስለተዉ፣ መግቢያዬን በእግሬና በትንፋሼ ልክፈል ብለው ጠየቁ። ተፈቀደላቸው። ዳኛው ጡሩምባ ነፊ ሆኑ ብሎ የሳቀ አልጠፋም። የሺአረግም ቤት ገብተው አለቀሱ። እሳቸው ግን በማግሥቱ ገና ጎህ ሲቀድ ጡሩምባውን አንሥተው ወጡ፤ የሟችን ስም በኦሮምኛም በአማርኛም እየጠሩ ሰፈሩን ዞሩ። መጀመሪያ ሰሞን አንገታቸውን ደፍተው ነበር የሚሄዱት። ከጊዜ በኋላ ግን ቀና ማለት ጀመሩ፤ ቀና ያደረጋቸውም ጡሩምባው ነው፤ አንገት ደፍቶ አይነፋምና።

ቀን ቀን ደግሞ የሰው ወፍጮ ይወቅሩ ነበር። የወፍጮ ድንጋይ ብዙ ሲፈጭ ይለሰልስና እህሉን መፍጨቱን ትቶ ይጨፈልቀዋል፤ ያኔ ወፍጮው ቆሞ ድንጋዩ በመዶሻና በመሮ እንደገና ይወቀራል። በፊት ሠራተኛ ቀጥረው ያሠሩት የነበረውን ሥራ፣ በሃምሳ ሁለት ዓመታቸው በገዛ እጃቸው፣ ቀድሞ ይፎካከሯቸው በነበሩ ሰዎች ወፍጮ ቤት ጎንበስ ብለው ሠሩት። ከዚህ ባጠራቀሙት በ2016 ዓ.ም. በከተማው ዳር አንዲት አሮጌ ወፍጮ ተከራይተው ከኤባ ጋር ማስፈጨት ጀመሩ። የቀድሞ ሀብታቸው አልተመለሰም። ቤቱም አልተመለሰም። በዚያ በኩል ማለፍ ግድ ሲሆንባቸው ግን መንገድ መቀየር ትተው፣ አዲሱን ባለቤት ሰላም ብለው ያልፉ ነበር። ለእኔ ይህ ከሦስት ወፍጮ ይበልጣል።

ጡሩምባ ይዘው ሲወጡ በትከሻቸው ላይ ሁለት ጋቢ እንደነበረ የሰፈር ሰው ያስታውሳል። ብርድ አይችሉም ተብሎ ይቀለድባቸው ነበር። ሁለተኛው ጋቢ ግን የእሳቸው አልነበረም። ንግዱ የከሰረበት፣ ተፈናቅሎ መጥቶ በኪራይ ቤት የተደበቀ፣ ጡሩምባ ሰምቶ የማይወጣ ሰው ሲኖር በሩን አንኳኩተው ይገቡና ጋቢውን አልብሰው ይዘውት ይወጡ ነበር። ወደ ድንኳኑም ከጎናቸው አድርገው ያስገቡታል። አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ አላችሁ፤ ስማችሁን አልጠራም። ያንን የሦስት ወር ደንብም በጠቅላላ ጉባኤ ተከራክረው አሻሩት። ደንቡን ያወጣሁት ጥጋብ ላይ ሆኜ ነበር ብለው በሰው ሁሉ ፊት ተናገሩ።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳል ጀመራቸው። ለዓመታት የዋጡት የዱቄትና የድንጋይ ብናኝ ሳንባቸውን እንደጎዳው ሐኪሞች ነገሩን። በነቀምቴም በአዲስ አበባም ታክመው ለውጥ አልተገኘም። አንድ ማለዳ ጡሩምባውን ወደ አፋቸው አድርገው ትንፋሽ አጠራቸው፤ ደጋግመው ሞክረው አልሆነም። ቤት ገብተው ግድግዳው ላይ ሰቀሉት፤ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ለቤት በሰው ይነገር ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ከባድ ነበር፤ ተኝተው መተንፈስ ስላልቻሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድሩ ነበር። ምንም መልካም ነገር አልነበረውም፤ አሳምሬ ልጽፈው አልችልም።

አቶ ራጉኤል በላይ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም. ንጋት ላይ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ጡሩምባውን ከግድግዳው ያወረዱት አቶ ሞሲሳ ናቸው። በዕድሜያቸው ነፍተው የማያውቁ ሰው ናቸውና ድምፁ ተቆራረጠ፣ ሰለለ። ስም ከመጠራቱ በፊት ሰው ሁሉ ከየቤቱ ወጣ፤ የተሰቀለው ጡሩምባ በሌላ ሰው ትንፋሽ መነፋቱን ሲሰማ ማን እንደሞተ ገብቶታል። ዛሬ በዚህ ግቢ መቀመጫ ጠፍቶ የቆማችሁ ብዙ ናችሁ። ያቺን እናታችንን በአራት ሰው የተሸከምንባትን ቀን የማስታውስ እኔ፣ ሣጥናቸውን ለመያዝ የምትጋፉትን ትከሻዎች እያየሁ ነው።

አቶ ራጉኤል የትዳር አጋራቸውን ወይዘሮ የሺአረግ ጂሩን፣ ልጆቻቸውን ኬኔ ራጉኤልንና ኤባ ራጉኤልን፣ እንዲሁም እኔን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። የወደቅሁበትን ዓመት አትዝለሉ ያሉበትንም ምክንያት ነግረውናል፤ ያን ቀን ከአጥሩ ጥግ የተመለስሁ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ዛሬም የቆመ ይኖራል፣ ይስማው ብለዋል።

ሁለተኛው ጋቢ ታጥቦ በድንኳኑ መግቢያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ያሻው ይልበሰውና ይግባ፤ ማንነቱን የሚጠይቀው የለም።

እሳቸው ያፈረውን አልብሰው ወደ ሰው መካከል እንዳስገቡት፣ አምላክ ነፍሳቸውን ብርሃን አልብሶ ወደ ቅዱሳኑ መካከል ያስገባት። አሜን።