ድመት የጨመርኩበት ኮንቼርቶ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7፣ 4፡15 ከሰዓት
ደብተሬ፣ ደክሞኛል። ኤርፖርት ሻንጣ ሳነሳ ውዬ ወገቤ የለም። ከሄርንደን እስከ ቤታችን ሲልቨር ስፕሪንግ ድረስ ትራፊክ። ቤቱ ጭጭ። እህቴ ኤልዳና ቫዮሊኗን ከከደነች አምስተኛ ቀኗ። ጥፋተኛው እኔ። ስትለማመድ በቪዲዮ ቀርጬ፣ የሳተችበት ላይ የድመት ጩኸት ጨምሬ የቤ/ክ ወጣቶች ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ግሩፑ በሳቅ ሞተ። እኔም ስቄያለሁ፤ አንድ ቀን።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8፣ ላንች ብሬክ
እዚሁ ቅርብ አሌክሳንድሪያ ያለችው የቫዮሊን አስተማሪዋ ማሚን ኮል አድርጋለች። ኤልዳና ቅዳሜ ካልመጣች በተማሪዎች ኮንሰርት ላይ ያላት ቦታ ለሌላ ልጅ ነው። በሯን አንኳኳሁ። ጌት አውት አለችኝ። ድመቷ ታማለች እንዴ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።
የምትጫወተውን ፈልጌ አገኘሁት። የእንግሊዞች ኮንቼርቶ፣ አንድ ቫዮሊን ከሙሉ ኦርኬስትራ ጋር፣ መቶ ዓመት ያለፈው። ሃምሳ ደቂቃ ሊሞላ! ስንት ሻንጣ በተነሳበት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9፣ 5፡30 ከሰዓት
መኪና ውስጥ ሦስቴ ሰማሁት። ልስቅበት ነበር፤ እምቢ አለኝ። ቫዮሊኑ ቶሎ አይገባም። ኦርኬስትራው ብዙ ካወራ በኋላ፣ ከሥራ ደክሞት እንደሚገባ ሰው ቀስ ብሎ ይጀምራል። ያዝናል፣ ግን አያለቅስም፤ ሰው እንዳያይበት ፊቱን ያዞራል። እንግሊዝ ነዋ! መጨረሻው ላይ ሁሉም ይሮጣል፣ አለቀ ስትይ ቫዮሊኑ ይቆምና የመጀመሪያውን ዜማ ለብቻው ያስታውሳል። ሌሎቹ በጣታቸው ክሩን እያርገበገቡ ይጠብቁታል። አንድም የሚያቻኩለው የለም።
ቪዲዮዬን ከፈትኩ። ድመቷን የጨመርኩት እዚያው ላይ ነው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10፣ 6፡00 ከሰዓት
ቪዲዮውን አጠፋሁት። ግሩፑ ላይ ይቅርታ ጻፍኩ፤ ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። የቀልደኛን ይቅርታ ማን ያምናል?
በኤልዳና በር ሥር ወረቀት አሾለክሁ፦ ያን የሚያርገበግቡበትን ቦታ ሰማሁት። ቆይቶ ወረቀቱ ተመለሰ፦ ስንት ጊዜ? ሦስት ብዬ መለስኩ። ፉሉን፣ ሃምሳውንም ደቂቃ? አለች። ፉሉን፣ ስሞት!


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11፣ 10፡20 ጠዋት
አሌክሳንድሪያ፣ ከአስተማሪዋ ቤት ደጅ፣ መኪና ውስጥ። መጥታለች! ስትወርድ፣ ብትስቅ እገልሃለሁ አለችኝ። የሴትዮዋ መስኮት ክፍት ነው። እዚያ ቦታ ደረሰች። ሳተችው፣ ያንኑ። ቆመች።
አንድ ቀልድ መጣልኝ ደብተሬ፣ ከእስከዛሬው ሁሉ የሚበልጥ። ላንቺም አልነግርሽም። ቆዪ፣ ቫዮሊኑ እንደገና ጀመረ