ጆሮ እያዩ ስኮል

ካናዳ ላለሽው እህቴ ለዳግኒ፦ እንደምን ከርመሻል? እኔ እንደ ደሴታችን ቋጥኝ ነኝ፤ ማዕበል አይነቀንቀኝም።

በጋው በውስኪ አለፈ። ጠርሙሱን ሳላይ፣ በጠረኑ ብቻ የትኛው እንደሆነ እናገራለሁ። ማን ይችለኛል!

ትናንት ግን ጎረቤቴ ቱሬ ነገር ፈለገኝ። ብርጭቆ አንስተን "ስኮል!" ስንባባል፣ "አንተ ሰውዬ፣ እንደ ወጉ ዓይን ዓይኔን እያየህ ጠጣ እንጂ! ጆሮዬ ላይ ምን አፍጥጠህ ቀረህ?" አለኝ።

"ቁንጅናው ማርኮኝ ነዋ!" አልኩት። ገበታው ላይ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

ልጄ አኒካ ግን አልሳቀችም። የጀልባዬን ቁልፍ ወስዳ "ስቶክሆልም እኔ ጋ ትገባለህ" አለችኝ። ሞቼ ነው ከዚህ የምወጣው! እንኳን እኔ፣ ጀልባዋም መንገዱን ታውቀዋለች።

በይ ሰላም ሁኚልኝ። ስትጽፊልኝ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው፤ ድሮም ጽሕፈትሽ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

ወንድምሽ ራግናር