ጳጉሜን የማይቀበል ኮምፒውተር

ጥቅምት 11፣ ጧት 3፡00
ዛሬም ፊደል ጥገና። በአሮጌው ኮምፒውተር የተተየበው የጤና ጣቢያችን የወላዶች መዝገብ አዲሱ ላይ ሲከፈት አማርኛው የጥያቄ ምልክት ብቻ ይሆናል። የድሮው የፊደል ፕሮግራም ከአዲሱ ጋር አይግባባም። ስም በስም አቃናለሁ። ጫልቱ ተመለሰች። ከጊዳ አያና ወረዳ የመጣችው ዘይነባም። ደስ አለኝ፤ ወዲያው አፈርኩ። ልጇን ቀብራ በፊደል የምትደሰት እናት!

ጥቅምት 13
ደብተሬ፣ ፊደሉ አለቀ። አሁን ደግሞ ቀኑ። ሲስተሙ የፈረንጅ ነው፤ የሌላውን ወር ቀን ወደ ፈረንጅ ራሱ ይቀይራል፣ አሥራ ሦስተኛ ወር ግን አያውቅም። ጳጉሜ የተወለደውን ሁሉ "የተሳሳተ ቀን" ብሎ ይመልሳል። ከተመለሱት መሀል የእኔዋም አለች። ቦንቱ ገመቹ። እዚሁ ጤና ጣቢያ ነው የወለድኳት። ጳጉሜ 2 መጣች፣ ጳጉሜ 4 ሄደች። በሩን ዘግቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 14፣ ከሰዓት
አለቃዬ አቶ ደረጀ ሁሉንም መስከረም 1 አድርጊውና ገላግይን አለ። ክፋት የለውም፤ የራሱም ልደት መታወቂያው ላይ እንዲያ ነው የተጻፈው። አታካብጂ አለኝ። ልደቷም ሞቷም መስከረም 1 ከሆነ እኮ አንድ ቀን እንኳ አልኖረችም! ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት እንባ ቀደመኝ። ጥዬው ወጣሁ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ
ጉቴ ከተማ፣ አማቴ ቤት። "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ" እያለች እጄን ትስማለች። ስለ ቦንቱ ግን ቃል የለም። ለሁለት ቀን ልጅ ድንኳን አይተከል፣ ለቅሶ አይደረስ። ወግ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ ፈጣሪ ሌላ ይስጥሽ ብሎ አለፈ። ሌላ አልፈልግም። እሷን ነው የምፈልገው። ባለቤቴ ገመቹም ከቀበርናት ወዲህ ስሟን አይጠራም። ፎቶ እንኳ የለን። መዝገቡ ላይ ያለችው ያቺ አንዲት መስመር ብቻ።

ጥቅምት 18፣ 5፡40
የቀን መቀየሪያ ፕሮግራም ራሴ ጻፍኩ። ጳጉሜን ወደ ፈረንጅ ቀን ያዞራል፤ ሲያሳይ ወደ እኛው ይመልሳል። አቶ ደረጀ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። መጀመሪያ የሞከርኩት በእሷ ነው። ገባች! ሲስተሙ ከልደትና ከሞት ቀን ዕድሜ ራሱ ያሰላል።
2 ቀን።
አቶ ደረጀ ስሟን አነበበ፣ የእናቷን ስም አነበበ፣ ወደ እኔ ዞረ። ነፍስ ይማር አለ። እስከ ዛሬ ማንም አላለኝም ነበር።
ወስኛለሁ። ቅዳሜ ደጃችን ላይ ድንኳን አስተክላለሁ። ለገመቹ አሁኑኑ ደውዬ፣ ስሟን ጠርቼ እነግረዋለሁ። ወግ አይደለም የሚል ይቅር። ልጄ ኖራለች፤ ይለቀስላት።